ከባሌ ማኅደር የወጣው ማሳየ

ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ የእንጀራ ልጀ የአባቱን ውርስ መጠየቅ ጀመረ። ይጠይቅ፤ የአባቱ ነው። እኔ ግን አባቴ ያወረሰኝ ማሳ አለኝና የመሬት ደብተሩን ላሳድስ ወረታ መሬት ቢሮ ሄድሁ።

ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ጠቅ ጠቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ በእርስዎ ስም መሬት የለም» አለችኝ።

«ኧረ? ታዲያ ይኸን ሁሉ ዘመን ርብ ወንዝ ዳር ሩዝ ስታርም የኖረችው ጉማሬ ናት?»

ሳቀች። እኔም ወንበር ስቤ ከጎኗ ተቀመጥሁ። «አሳይኝ። ፊደል ባልቆጥር ዓይን አለኝ።»

መስታወቱ ላይ ቢጫ ቢጫ ከረጢት ተደርድሯል፤ ማኅደር ትለዋለች። አንዱን ነካ ስታደርገው ተከፍቶ ሌላ ከረጢት ያወጣል። ወረዳው ውስጥ ቀበሌ፣ ቀበሌው ውስጥ ጎጥ፣ ጎጡ ውስጥ አባወራ።

«ሚስቶቹስ?»

«አባወራው ውስጥ ነዋ!»

የባሌን ከፈተችው። ማሳየ ከእሱ መሬት ጋር ተጋድሟል። አርባ ዓመት አንድ አልጋ መተኛታችን አልበቃ ብሎ!

«የትም ቢቀመጥ አይጠፋም፣ እማማ።»

«የእንጀራ ልጀ ሲመጣ የቱን ትከፍችለታለሽ?»

«የሟችን።»

«ከነሆዱ? ከነማሳየ?»

የባሌን ከረጢት መልሳ ዘጋችው።

«በይ ለእኔም አንድ ክፈችልኝ። ከእሱ ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ።»

«ኃላፊው ሳይፈቅድ…»

«ይጠራ። እኔ አልነሳም። አንች ምሳሽን ብይ፤ ከረጢቶቹን እጠብቅልሻለሁ።»

ኃላፊው መጣ። የአባቴን የውርስ ወረቀት አየ፣ እኔን አየ፣ የተቀመጥሁበትን ወንበር አየ። «አድርጊላቸው» ብሎ ሄደ።

አዲስ ከረጢት ከፍታ ማሳየን አስገባችው። «አበቃ።»

«የባሌን ክፈችው እስቲ።»

ከፈተችው። ማሳየ አሁንም እዚያው!

«ቅጅውን ነው የሰጠሁዎት፤ ሁለቱም ጋ ቢኖር ምን አለበት?»

«የፎገራ ልጅ አይደለሽም? ችግኝ ከመደብ ስናዛውር ነቅለን ነው የምንተክል። እዚያም ከቀረ እዚያ የሚያጭድ ይመጣል። ንቀይው!»

ነቀለችው። ደግሜ አስከፍቸ አየሁ፤ የባሌ ብቻ ቀርቷል።

ሳምንት ሳይሞላ የእንጀራ ልጀ ደጀ ላይ ቆመ። «እትየ፣ የርብ ዳሩ ማሳ ከአባየ ማኅደር የለም አሉኝ።»

«በቁሜ ያለሁ ሴት ከሟች ማኅደር ምን ልሠራ? ይልቅ ነገ አጨዳ ነው፤ ማጭድህን ይዘህ ና።»