ቂም ይዞ ስፌት

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉኛል ያገሬ ሰዎች። ጸሎቱን እንጃ፤ ስፌት ግን በቂም ያምራል። ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከልብስ ሰፊዎች የሚተርፈውን እራፊ እገጣጥማለሁ፤ መሐሉ ጥጥ ጨምሬ ለብርድ የሚሆን ድሪቶ እሰፋለሁ። ሰው መጥቶ «ይሄ ሥራ ምን ይፈልጋል?» ሲለኝ ዓይን፣ እጅ፣ ትዕግሥት ብዬ አሰናብተዋለሁ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን የሚፈልገው አለመርሳትን ነው። እያንዳንዱ እራፊ ከማን ቀሚስ እንደመጣ፣ ማን እንደቀደደው ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ አልረሳም።

እናቴ ሽንዲ አጠገብ ገጠር ውስጥ ስትሞት ገና ልጅ ነበርኩ። የተወችልኝ አንድ የክት ቀሚስ ነው፤ ጥልፉ አረንጓዴ። ዓመት ሳይሞላ እንጀራ እናቴ ገባች። አንድ ቀን ውሃ ቀድቼ ስመለስ ቀሚሱን በመቀስ ቆራርጣ የበቆሎ ጆንያ ስትጥፍበት አገኘኋት።

«የሞተ ሰው ልብስ ምን ያደርጋል!» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ዘልዬ የተጣፈውን በጥርሴ ፈታሁት፤ በቆሎው ተዘረገፈ፤ በአርጩሜ ተገረፍኩ። አራት እራፊ ግን አተረፍኩ። ቡሬ ስዳርም፣ ፈትቼ ፍኖተ ሰላም ስገባም እነዚያን አራት እራፊዎች ከጉያዬ አልለየኋቸውም።

አምና እንጀራ እናቴን ልጇ ወደ ከተማ አመጣት። በምርኩዝ በረንዳዬ ድረስ መጥታ «ልጄ፣ ብርዱ አጥንቴን ጨረሰው። አንድ ድሪቶ ብትጠቅሚልኝ?» አለች። በኛ አገር መጥቀም መስፋትም ነው፣ መርዳትም ነው።

«እጠቅምዎታለሁ እንጂ፣ እትዬ!» አልኳት። እኔ ያሰብኩት ግን ሌላ ነበር።

የማርያም ማኅበር ተራ ደርሷት ነበር፤ ድሪቶው በዚያ ቀን፣ በሰው ፊት እንዲዘረጋ ፈለግሁ። ስለዚህ አዲስ አቡጀዲ ገዝቼ በጥድፊያ ጀመርኩ። አራቱን የእናቴን እራፊዎች፣ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ እንድታያቸው፣ በአንገቷ በኩል ደረደርኳቸው። ክሩ ከጠበቀ ጨርቁ ይሸበሸባል፤ ከላላ ጥጡ ይንሸራተታል። እኔ ልኩን ያዝኩ። መርፌው በገባ ቁጥር «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እያልኩ ነው የሰፋሁት። አቤት ማማሩ! እንዲያ ያለ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

በማኅበርተኞቹ መሐል ስዘረጋው ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ሳይበርድ «እትዬ፣ ይቺን አረንጓዴ ጥልፍ ያውቋታል?» አልኩ። ጣቷን ጥልፉ ላይ አሳረፈች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጆንያ የጣፉባት የእናቴ ቀሚስ ናት» ብዬ ለሁሉም ነገርኳቸው።

ሴቶቹ ዓይናቸውን ከድሪቶው ወደ እሷ መለሱ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ብቻዬን እየሳቅሁ ሰፋሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ድሪቶውን ታቅፋ መጣች። «አጥቤው ነው፣ ልጄ። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በቀስታ ነው ያጠብኩት» ብላ ዘረጋችው። አራቱም የእናቴ እራፊዎች በስፌቱ ዳር ተተርትረዋል። ጥልፉ ክር ክር ሆኗል፤ ጥጡ በየቀዳዳው ወጥቷል።

«ምን አደረግሽው!» ብዬ ጮህኩ፤ አንቱታውም ጠፋኝ።

ከዚያ አቡጀዲውን ዳበስኩት፤ ተኮማትሯል። አዲስ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ያረጀ ጨርቅ አብሮት ከተሰፋ ጎትቶ ይቀደዋል። ለዚህ ነው አዲሱ አስቀድሞ ውሃ የሚነከረው። መርፌ በያዝኩ በመጀመሪያው ቀን የተማርኩት ነገር ነው። ለማኅበሩ ቀን ይድረስልኝ ብዬ፣ እሷን ላዋርድ ብዬ፣ ሳልነክረው ሰፋሁት።

«ይጠገናል?» አለችኝ።

«አይጠገንም።»

በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አለች። «ይቅር በይኝ።»

ይቺን ቃል ከአፏ ለመስማት ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄአለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኳትም። እስካሁንም የእናቴን ቀሚስ ሁለት ጊዜ ያጠፋችው እሷ ይመስላታል።