የዓይኑ ቁመት

ባለቤቴ ቀያሽ ነው። ሰፈሩ «ሜትሮ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት ሲለካ ኖሮ ለራሱ መቆሚያ የምታህል እንኳ የለችውም፤ የምንኖረው በኪራይ ነው። ይህን ስነግረው ይስቃል። ድሮ እኔም አብሬው እስቅ ነበር፤ አሁን ግን ሁለታችንም ደክሞናል። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ክሩን የምፈታለት እኔ ነኝ፣ እያጉረመረምኩ።

ዘንድሮ ጡረታ ይወጣል። እስከዚያው አርፎ እንዳይቀመጥ የመሥሪያ ቤት አለቆቹ አንድ ሥራ ጣሉበት። ከመንገዳችን መጨረሻ የተዘጋ የጡብ ፋብሪካ አለ፤ ረጅሙ ጭስ ማውጫው ስለተሰነጠቀ ሊጣል ነው። ከቁመቱ አንድ ተኩል እጥፍ ርቀት ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ አብሮ ይፈርሳል፤ ባለቤቱ ከከተማው ዳር ምትክ ይሰጠዋል ተባለ። ቁመቱን የሚለካው ማን? ሜትሮ። በዚያ ርቀት ጠርዝ ላይ ያለው ቤት የማን? የታናሽ እህቱ። እዚያች ቤት ውስጥ በአንድ የስፌት መኪና ልጆች አሳድጋለች። ደንበኞቿ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ሱሪ ለማሳጠር ብሎ ከተማ ዳር ድረስ ማን ይሄድላታል?

«ሌላ ሰው ይለካው በላቸው» አልኩት።

«ሌላ ማን አለ? ወጣቶቹ ቀያሾች አዲሱን መሣሪያ ይዘው መስክ ወጥተዋል።»

አሮጌውን የእጅ ማዕዘን መለኪያ ይዞ ሄደ። ምሳውን ላደርስለት ስሄድ፣ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በመለኪያው እያየ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ማዕዘኑ ወደ አርባ አምስት ዲግሪ ሲወርድ ቆመ። እዚያ ቦታ ላይ ከእግሩ እስከ ጭስ ማውጫው ያለው ርቀት፣ ከዓይኑ በላይ ካለው ቁመት ጋር እኩል ነው። ሳንጋባ በፊት፣ ሊያስደንቀኝ ፈልጎ፣ በአንድ ዛፍ አሳይቶኛል። ያኔ ወደ ኋላ ሲሄድ ይዘል ነበር። አሁን እግሩን ይጎትታል፤ አንጀቴን በላው። ርቀቱን በሜትር ጎትቶ ለካ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አሰላ። ቀና ሲል ፊቱ በርቷል። የእህቱ ቤት በአንድ እርምጃ ከሚፈርሰው መስመር ውጭ ሆናለች።

እህቱ ስትሰማ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ጋሼ፣ ለጡረታህ ካፖርት እሰፋልሃለሁ!»

እሑድ ልኩን ልትወስድ ጠራችን። ቤቷ በጨርቅ ቁርጥራጭ ተሞልቷል፤ ሜትሮን መሀል ላይ አቆመችው።

«ቀጥ በል እንጂ! የጎበጠ ካፖርት ልሰፋ ነው እንዴ?»

«ምን ላድርግ፣ የሚለብሰው ጎብጧል» አልኳት። ሳቅን። አብረን ከሳቅን ቆይተን ነበር።

ደረቱን ለካች፣ ትከሻውን ለካች። ከዚያ ቁመቱን ለመውሰድ የሜትሯን ጫፍ ከትከሻው ላይ ይዛ ለቀቀችው፤ ሌላው ጫፍ እግሩ ሥር ወደቀ። ሜትሮ ጎንበስ ብሎ አየው። ከትከሻው እስከ መሬት፣ ከመሬት እስከ ትከሻው ደጋግሞ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ራሴን አልደመርኩም።»

አልገባንም።

«ያሰላሁት ከዓይኔ በላይ ያለውን ብቻ ነው። ከመሬት እስከ ዓይኔ ያለውን ረሳሁት። ስንት ዓመት ስሠራው የኖርኩትን!» ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «እሱ ሲጨመር መስመሩ ይገፋል። እህቴ፣ ግድግዳሽን አልፎ ይገባል።»

እህቱ የስፌት መኪናዋን አየች፣ ግድግዳውን አየች።

«ዝም ብትል ማን ያውቃል?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ጭስ ማውጫው ያውቃላ።»

ሁለቱም አሳዘኑኝ። እሱ ሲለካ የሁሉንም ሰው ድርሻ ያስታውሳል፤ የሚረሳው ሁልጊዜ ራሱን ነው። ዛሬ ደግሞ የረሳው ነገር እህቱ ላይ ወደቀ። ተናደድኩ፣ ግን በማን እንደምናደድ ጠፋኝ።

«ነገ ጠዋት አስተካክዬ አስገባለሁ» አለ። «ይቅር በይኝ።»

እህቱ በመሀረቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ጎንበስ ብላ ሜትሯን ከእግሩ ሥር አነሳች።

«ተነስና እጅህን ዘርጋ» አለችው። «እጅጌው ይቀራል።»