በስምንተኛው ቀን ያስቆረጥኩት

የልጅ ልጄ ሲወለድ ሽንቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ቦታውን ስቶ ነበር። ጫፉ ላይ መሆን ሲገባው ከስር፣ ወደ መሃል ግድም ነው የተከፈተው። ሐኪሞቹ የሚጠሩበት የፈረንጅ ስም አለው፤ ስንት ጊዜ ሰምቼው አንድም ቀን አፌ ላይ ቀንቶልኝ አያውቅም። ልጁ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው።

መጀመሪያ ያየችው ጤና ጣቢያ ያዋለደችው ነርስ ናት። ልጄ ምጥ አድክሟት ተኝታለች። ባሏ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ያን ጊዜ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ ነርሷ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ።

«አባባ፣ ይህን ልጅ እንዳታስገርዙት። መጀመሪያ ቀዶ ሐኪም ይየው።»

«እሺ ልጄ» አልኳት።

እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃ ሆኜ፣ ለገባው ለወጣው እሺ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። በልቤ ግን «ይቺ ልጅ ወግ አታውቅም» አልኩ። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። አባቴም እንዲሁ፣ እኔም እንዲሁ። ሳይገረዝ አርባ ቀኑ ደርሶ ክርስትና ቢነሳ ዘመድ ምን ይለኛል? የነርሷን ቃል ለልጄ ሳልነግራት ስምንተኛው ቀን መጣ።

ገራዡ እዚሁ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ ጀምሮ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ልጁን ገልጦ አየና ሳቀ።

«ይኼ እኮ ግማሹን ተገርዞ ነው የመጣው! ሥራ ቀንሶልኛል።»

ከላይ በኩል እንደ ቆብ የተረፈች ቆዳ ነበረች። እሷን በምላጭ አነሳት። ልጁ አለቀሰ፤ ጡት ሲሰጡት ዝም አለ። እኔም የአያት ግዴታዬን ተወጣሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ልጄ ቦሌ ለሚ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ልጁ እያደገ፣ ሽንቱ ወደ ታች እየፈሰሰ ሱሪውን ሲያበሰብስ ጥፋቱን በራሷ ላይ አደረገችው።

«የጨርቁ ቀለም ሽታ ነው አባዬ። እሱን አርግዤ ሥራ ባልገባ ኖሮ።»

እኔ «የእግዜር ሥራ ነው» እላለሁ።  የነርሷን ቃል ግን አላወጣሁትም።

አምስት ዓመት ሲሞላው የኬጂ ልጆች ሽንት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲሸና አዩት። «እንደ ሴት! እንደ ሴት!» እያሉ ግቢውን ሞሉት። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ውሃ አልጠጣም አለ። ጠዋት የምንሰጠውን ኮዳ ከሰዓት ሙሉውን ይመልሰዋል። ከንፈሩ እየደረቀ ተሰነጣጠቀ። ልጄ «አንደኛ ክፍል ሳይገባ ቆሞ መሽናት አለበት» ብላ ሆስፒታል ወረፋ አስያዘች።

ዶክተሩ ወጣት ነው። ልጁን ካየ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀው «ማን ገረዘው?» ብሎ ነው።

«በስምንት ቀኑ ነው፤ እኔ ገና ከአልጋ አልተነሳሁም ነበር» አለች ልጄ። «አታስገርዙት ያለን ሰው የለም።»

«ብዙ ሰው አያውቅም» አለ፤ አልተቆጣም። «ግን ያቺ ቆዳ ለእኔ ጨርቄ ነበረች። አዲሱን የሽንት መስመር የምሰፋው በእሷ ነበር። አሁን ከከንፈሩ ውስጥ ቆርጬ መውሰድ አለብኝ። በአንድ ጊዜ ሊያልቅ የሚችለው ሁለት ጊዜ ይሆናል።»

ልጄ ልብስ ሰፊ ናትና ጨርቅ ሲያንስ ምን እንደሚሆን ገባት። እኔ ባርኔጣዬን በሁለት እጄ ይዤ ወለሉን አየሁ።

«ዶክተር፣ ከእኔ ነው የመጣው?» አለች ልጄ።

«ከምን እንደሚመጣ በእርግጥ የሚያውቅ የለም፣ እህቴ። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም።»

አላመነችውም።

ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በኋላ ልጁ አፉ አብጦ ለቀናት በማንኪያ ሾርባ ብቻ ነበር የሚወስደው። መናገር ሲችል ጠራኝ።

«አባባ፣ ከአፌ የወሰዱት እዛ ጥርስ ያበቅላል?»

«አያበቅልም።»

«ምን ታውቃለህ? አንተ ዶክተር ነህ?»

ስድስት ወር ጠብቀን ሁለተኛው ተሠራ። ሽንቱ በቱቦ ወደ ላስቲክ ከረጢት ይወርድ ነበር። ቱቦው በወጣ ቀን ልጄ ከፋብሪካው በሥራ ጋዋኗ መጣች። ዶክተሩ ውሃ አጠጡት አለ፤ ልጁም ያን ሁሉ ጊዜ የተወውን ውሃ አንድ ላይ የሚጠጣ መሰለ። ከዚያ ቆመ። እኛ ከኋላው ቆምን።

«መጣ!»

ወደ ፊት፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። ልጄ እልል ልትል አፏን ስትይዝ፣ ከስፌቱ ስር ሌላ ቀጭን ሽንት ወጥቶ በእግሩ ላይ ወረደ።

«ሁለት ሆነ!» ብሎ ልጁ ሳቀ።

ዶክተሩ አጎንብሶ አየ። «አንድ ቦታ ላይ ሾልኳል። ያጋጥማል። ቀዳዳዋ ትንሽ ስለሆነች ራሷ ልትዘጋ ትችላለች። ካልተዘጋች ከስድስት ወር በኋላ እንደገና እንሰፋለን።»

ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ልጄ «እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይሆናል» ማለት ጀመረች። ያን ጊዜ ነው ያወጣሁት።

«ነርሷ ነግራ ነበር። አታስገርዙት ብላ።»

«ለማን?»

«ለእኔ። እሺ ብያት ነበር።»

 ጋዋኗ ላይ የተጣበቀ ክር አገኘችና ትነቅል ጀመር። አንዱን ነቅላ ሌላ ፈለገች።

«ስድስት ዓመት ሙሉ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ እያልኩ ሳለቅስ እየሰሙ?»

ስለ ምላጩ አንድ ቃል አልተናገረችም። ተነሳችና «አንድ ቀን ማን አስገረዘኝ ብሎ ይጠይቃል። ያኔ እርስዎ ይነግሩታል፤ እኔ አልነግርልዎትም» ብላ ልጁን ልታለብሰው ገባች።

ቀዳዳዋ እስካሁን አልተዘጋችም። ስድስት ወሩ እስኪሞላ እየጠበቅን ነው። ልጁ አንደኛ ክፍል ገብቷል። ቆሞ ይሸናል፤ የግራ እግሩ ግን ይረጥባል፤ ለልጆቹ «ውሃ ፈሰሰብኝ» ይላቸዋል። ኮዳውን እስከ ግማሽ ይጠጣል። ጠዋት ጠዋት ትርፍ ሱሪ በፌስታል ይዤ የምወስደው እኔ ነኝ። አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ይቆማል።

«አባባ፣ ሲነሳ ጎማውን የት ነው የሚያስገባው?»

«እኔ እንጃ።»

«ማን ነው የሚያውቀው?»

መንገዱን ሙሉ እንዲህ ይጠይቀኛል። አፉን በከፈተ ቁጥር ያቺ ጥያቄ የመጣች እየመሰለኝ ፌስታሉን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።