ልጄ መርከብ ስትሳፈር የተሳልኩት ስለት

ልጄ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች አንድ ቅዳሜ ወረቀት ይዛ መጣች። አንዲት የባሕር ሳይንስ መምህርት በየበጋው ጥቂት ተማሪዎችን ለሦስት ሳምንት የምርምር መርከብ ላይ ይዛ ትወጣለች፤ ሙያውን በመጽሐፍ ሳይሆን በእጃቸው እየሠሩ እንዲያዩት፣ ከወደዱትም እንጀራቸው እንዲያደርጉት። ልጄ ተመርጣለች።

ያን ጊዜ በሰው አገር፣ አቢዴል የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ እኔ ሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ አንድ ልብስ መደብር ውስጥ እሠራ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ያለችኝ እሷ ብቻ ነበረች። “ደግ ነው” አልኳት።

ጎረቤቴ ግን አልማረችኝም። የወሎ ሰው ናት፣ ቀልድ አታጣም። “እትዬ፣ ባሕር በሌለበት ከተማ ተቀምጠው ልጅዎን ለባሕር ዳሩ? ሽማግሌ የላከው ማን ነው፣ ዓሣ ነባሪው?”

ሳቅኩ። እሑድ ግን ለጸሎት በምንከራየው አዳራሽ ጥግ ቆሜ ለእመቤታችን ተሳልኩ፤ ልጄ ይህን ነገር ትታ ወደ ቤቷ ከተመለሰች ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ። ለማንም አልነገርኩም። ገብስ ቆልቼ በሶ አዘጋጀሁላትና ሻንጣዋ ውስጥ ከተትኩ። በእጄ እየሸኘኋት በልቤ እጎትታት ነበር።

ከምዕራቡ ጠረፍ በተነሱ በአምስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ስልክ ጮኸ። ሥራ ልሄድ ጫማዬን አስሬ ነበር።

“ማሚ፣ አይ ካንት። አራት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰኝ ነበር።”

“አሁን የት ነሽ?”

“ነፋሱ እስኪያልፍ አንድ ትንሽ ወደብ ቆመናል። ቲቸሯ መውረድ የሚፈልግ እዚህ ይውረድ ብላለች፤ ከሰዓት እንነሳለን። ዲሳይድ ማድረግ አለብኝ። ልምጣ?”

ስለቴ ሊሰምር ነው። የቀረኝ “ነይ” ማለት ብቻ ነበር።

“በሶውስ?” አልኳት።

በለቅሶዋ መሃል ሳቀች። “ከባሕር ወለል ያወጣነውን ጭቃ ይመስላል ብለው ሳቁብኝ። ሳምፕል ነው ብለው ቁጥር ሊለጥፉበት ነበር።” ከዚያ ሳልጠይቃት ስለ ጭቃው ትነግረኝ ጀመር። በወንፊት ያጥቡታል፤ ውስጡ ከምስር ፍሬ የሚያንሱ ቀንድ አውጣዎች ይገኛሉ። ከጥልቁም ውሃ በጠርሙስ ያወጣሉ። “ማሚ፣ በእጄ ያዝኩት። ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ውሃ። እንዴት እንደሚቀዘቅዝ!” ድምፅዋ የታመመ ሰው ድምፅ አልነበረም።

እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ለመምህርነት ሥልጠና ሌላ ከተማ ተልኬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ወባ ያዘኝ። አባቴ መጥተው ወሰዱኝ፤ ከዳንኩም በኋላ አልተመለስኩም። ስለሚወዱኝ ነው ያደረጉት። ቅር ያለኝ አይመስለኝም ነበር፣ እስከዚያ ጠዋት ድረስ።

“ቆዪ” አልኳት።

“ዋት?”

“በሶውን በደረቁ ቃሚ፤ ውሃ አታብዢበት።”

“ካልቻልኩስ?”

“ያን ጊዜ ትመጫለሽ። በሩ አይዘጋብሽም።”

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የታሰረውን ጫማዬን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ሥራ ዘግይቼ ገባሁ።

ቆየች። መምህርቷ ከታችኛው ክፍል አውጥታ ነፋስ የሚያገኛት ቦታ የመመዝገብ ሥራ እንደሰጠቻት፣ “ዓይንሽን ከአድማሱ አታንሺ” እያለች ግማሽ ቀን አጠገቧ እንደቆመች ኋላ ሰማሁ። ያችን ሴት በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ በጸሎቴ ግን ረስቻት አላውቅም። ልጄ ዛሬ ራሷ ተማሪዎች ይዛ መርከብ ትወጣለች። በሶውን አሁንም ከእኔ ነው የምትወስደው፤ የሚያስመልሰው ተማሪ አይጠፋም ትላለች።

ያን በጋ፣ ከስታና እጇ በጨው ተሰነጣጥቆ በተመለሰች በሁለተኛው እሑድ፣ ጃንጥላውን ይዤ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ቄሱ ተቀበሉኝ።

“ስለትሽ ሰመረልሽ?”

“አልሰመረም፣ አባ።”

“ታዲያ ጃንጥላው?”

“ስላልሰመረ ነው ያመጣሁት።”