ባዩት ቁጥር የተቀመጠው ኤርኖ

በፊንላንዷ ኦውሉ ከተማ ኤርኖን የሚያውቅ ሁሉ ሲቀመጥ ድንጋይ፣ ሲነሳ ንፋስ መሆኑን ያውቃል። ሙያውም ይኸው ነው። ሥራ ሲበዛ የኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር የሚያፈጥነውን፣ ሲቀንስ የሚያዘገየውን የኦፕሬቲንግ ሲስተም ክፍል ይጽፋል። ፕሮሰሰር ፍጥነቱ ሲጨምር የሚበላው ኤሌክትሪክ ከፍጥነቱ በላይ ይጨምራል፤ ያለ ሥራ ከሮጠ ባትሪው በከንቱ ያልቃል። ስለዚህ በየጊዜው ብቅ እያለ "ሥራ አለ ወይ?" ብሎ የሚያይ ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል። ሚስቱ ሳይላ ይህን ማብራሪያ በሠርጋቸው ቀን ሳይቀር ሰምታዋለች።

በረዶው ቀልጦ ያምናው ቅጠል ሲገለጥ፣ የሕንፃው ነዋሪዎች ግቢውን በጋራ የሚያጸዱበት ቅዳሜ ደረሰ። የኤርኖ ልብ ግን ነዋሪዎቹ በየሳምንቱ በተራ በሚገቡበት የእንፋሎት መታጠቢያ፣ በሳውናው ላይ ነበር። የእሱ ተራ ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ ሰው እየታጠበ የነገን ሥራ ያስባል። የአርብ ማታ ተራ የነበራቸው አዛውንት ቤት በመቀየራቸው፣ የነዋሪዎቹ ሊቀመንበር እትዬ ሂልካ ተራውን ዛሬ ለበረታ ሰው እሰጣለሁ ብለዋል።

ኤርኖ ጋሪ ገፊ ሆነ። ሌሎቹ ቅጠሉን እስኪከምሩ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ክምሩ ሲሞላ ተስፈንጥሮ ይነሳና ሕንፃው ጀርባ ደፍቶ ይመለሳል፤ ደግሞ ይቀመጣል። ጎረቤቱ ካውኮ ግን መጥረጊያውን ይዞ ለአፍታም ሳያርፍ፣ ቅጠሉን ከመጥረግ ይልቅ የሚያባብለው ይመስል ነበር።

እትዬ ሂልካ ቋሊማ እየጠበሱ አልፎ አልፎ በመስኮት ብቅ ይላሉ። ባዩ ቁጥር ኤርኖ ተቀምጧል። በመጨረሻ ወረዱ።

"አንተ ልጅ፣ ወንበሩን ንፋስ እንዳይወስደው ነው የያዝክልን?"

"እትዬ ሂልካ፣ ያን ሁሉ ቅጠል የወሰድኩት እኮ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ባየሁ ቁጥር ተቀምጠህ የማገኝህ ዓይኔ ዋሽቶ ነው?"

"አይ፣ ዓይንዎስ አልዋሸም፤ ግን እርስዎ የሚያዩት..." አለና ሐሳቡ ወደሚጽፈው ተቆጣጣሪ ሄደ።

ለወራት ሰዎች ቪዲዮ ስናይ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል ብለው ሲጽፉለት፣ እሱ ተቆጣጣሪው አይቷል፣ ሥራ የለም ብሎ ይመልስ ነበር። ለካ ሥራው ብልጭ ብሎ የሚያልቀው በሁለት እይታ መካከል ኖሯል። ተቆጣጣሪው እንደ እትዬ ሂልካ ብቅ ሲል ሁሉም ተቀምጧል፤ እሱም ይበልጥ ያዘገያል። በመስኮት ከማየት ይልቅ ሥራ የሚያከፋፍለውን ክፍል መጠየቅ ይሻላል፤ ማን ምን ያህል እንደሠራ ሒሳቡ እሱ ዘንድ አለ።

እትዬ ሂልካ ያሳፈሩት መስሏቸው አዘኑለት። ሕንፃው ጀርባ የደፋኸውን ክምር አይቼ እስክመጣ ጠብቀኝ፣ እውነት ከሆነ አርብ ያንተ ነው ብለውት ሄዱ። ክምሩ ቁመታቸውን ያህል ነበር። ሊሰጡት ሲመለሱ ግን ጋሪው ተገልብጦ፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ አገኙት። ግማሹ ቅጠል ገና መሬት ላይ ነው። ኤርኖ ደረጃውን እየዘለለ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዷል። ካውኮ ግን እዚያው ነበር።

ሲመሽ ሳይላ፣ "አርብን ለካውኮ ሰጡት" አለችው።

ኤርኖ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል፣ "ቪዲዮው ግን አሁን እንደ ውሃ ይፈሳል" አላት።

"እሰይ። ማክሰኞ ሳውና ይዘኸው ግባና ጀርባህን ይሽልህ።"