ሃምሳ ቤት የሞላበት ሰፈር

ታናሽ እህቴ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጓሮ ድረስ መጥታ «ቲቸር ተመለሱ። ዛሬ እኛን አስተማሩን» አለችኝ። የምልጠውን የቦዬ ሥር አስቀምጬ ዝም ብዬ ሳቅሁ። እናቴ ምን ሆነሽ ነው ብላ ወጣች። መሳቅ ብቻውን አልበቃኝም፣ እስክሪብቶ ፈለግሁ። ስለዚያ ሳምንት ለማንም ጽፌ አላውቅም። አሁን ልጽፍ።

ነገሩ የጀመረው በጣሪያ ነው። ባለፈው ዓመት ነፋስ የዘጠነኛ ክፍልን ቆርቆሮ ገሽልጦ ወሰደው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ልጆቹ ወደ ቤት ይላካሉ። በጀት እየተጠበቀ ነው ይባላል። ያን ሰሞን የታሪክ መምህራችን፣ ሁላችንም ቲቸር የምንላቸው፣ ስለ ጥንቱ የአሜሪካ ትምህርት ቤት አስተምረውን ነበር፤ የሰፈር ሰው በገዛ እጁ ስለሠራው። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ተነጋገርንና ለቅዳሜ ደቦ ጠራን። በእኛ አካባቢ ደቦ ሲጠራ መዶሻ ያለው መዶሻ ይዞ፣ የሌለው ቦዬ ቀቅሎ ይመጣል። ቤት ሲሠራ ማንንም አስፈቅደን ስለማናውቅ፣ ለዚህ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ወቅቱ ግን ስብሰባ የተከለከለበት ነበር። አንድ ቆርቆሮ ሳይመታ የፖሊስ መኪና ግቢ ገባ።

«ሰብሳቢው ማነው?» ተባለ።

እጄን አወጣሁ። ክፍል ውስጥ ጥያቄ የምመልስ ነበር የመሰለኝ። ቲቸር በቦታው አልነበሩም፤ ከቤታቸው አምጥተው ከእኔ ጋር አሰሯቸው።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ የሴቶቹ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፣ የእርጥብ ፍራሽና የበረኪና። መስኮት የሚባለው ከጣሪያው ሥር ያለ ቀዳዳ ነው። የዳሞታ ተራራ በዚያ በኩል እንዳለ አውቃለሁ፤ አይታይም። ክፍሉን የምታስተዳድረው እስረኛ፣ ካቦ የሚሏት፣ ሶዶ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ የጉራጌ ልጅ ናት። በስልኳ አንድ ጽሑፍ አጋርታ ነው የታሰረችው። ዩኒፎርሜን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይቺ ደግሞ ምን አድርጋ ነው? ደወል ሰርቃ?»

ሳምንቱ ሊሞላ ሲል፣ ዓርብ ጠዋት፣ መርማሪው ጠራኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ሰው ሰብስቡ ያለችን መምህሯ ናት ብለሽ ፈርሚ። ዛሬ ቤትሽ ትገቢያለሽ፤ እሁድ ከጓደኞችሽ ጋር ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ትሄጃለሽ። ካልፈረምሽ አውቶቡሱ አንቺን አይጠብቅም። እስከ ከሰዓት አስቢበት።»

ተመልሼ ለሁሉም ነገርኳቸው። ቲቸር ወዲያው «ፈርሚ» አሉኝ። «እኔ ጡረታዬ ደርሷል። አንቺ ፈተና አለብሽ።»

«ቆይ እስቲ» አለች ካቦዋ። «ቲቸር፣ ምን ቢያስተምሩ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው? መታሰራችን ካልቀረ እኛንም ያስተምሩን።»

ቲቸር ጀርባቸውን ከግድግዳው አላቀቁ። ድምፃቸው የክፍል ድምፅ ሆነ።

«አሜሪካ ገና አገር ሳትሆን፣ በእንግሊዝ ስትገዛ ነው። በሰሜን በኩል አንድ ሕግ ወጣ፤ ሃምሳ ቤት የሞላበት ሰፈር ሁሉ ለልጆች ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ሰው ይቅጠር የሚል። መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያነቡ ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ትንሹም ትልቁም እዚያው። ለምድጃው እንጨት የሚያመጣው ወላጅ ነው። አባቱ ያላመጣለት ልጅ ከእሳቱ ርቆ የሚቀመጥበት ቦታም ነበር።»

«አስተማሪውስ የት ያድራል?» አለች ካቦዋ።

«ብዙ ጊዜ በየተማሪው ቤት እየዞረ።»

«ኧረ በጌታ። ሚስቶቹ ምን አሉ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ቲቸርም ሳቁ።

«ሴት ልጆችስ?» አልኩ። መልሱን ባውቀውም እነሱ እንዲሰሙት ፈለግሁ።

«ብዙ ቦታ ወንዶቹ ሲወጡላቸው ነበር የሚገቡት፤ ወይ ወንዶቹ እርሻ ላይ ሲሆኑ። በደቡቡ ደግሞ በባርነት የተያዘን ጥቁር ፊደል ማስተማር ወንጀል የነበረበት ዘመን አለ። ተደብቀው ተማሩ።»

ካቦዋ ወደ ቲቸር ጠጋ ብላ ተቀመጠች።

«ኋላ ላይ» አሉ ቲቸር፣ «ትምህርት ቤቱ ከሁሉ በሚሰበሰብ ግብር ለሁሉም ልጅ በነጻ ይሁን ተባለ። ልጅ የሌለው ሰው ተቆጣ። ለሰው ልጅ እኔ ለምን እከፍላለሁ አለ።»

«እውነቱን ነዋ» አለች ካቦዋ። «እኔም ልጅ የለኝ።»

«ታዲያ ትናንት ምሳሽን ለዚች ልጅ ለምን አካፈልሻት?» አሉ ቲቸር ወደ እኔ እያመለከቱ።

«እሱማ… ርቧት ነዋ።»

ካቦዋ ነጠላዋን አስተካከለች።

ከሰዓት መርማሪው በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። አነበብኩት። ቲቸር ከነገሩን ውስጥ አንድ ቃል እንኳ የለበትም።

«ነጭ ወረቀት ይስጡኝ። ራሴ ልጻፈው» አልኩ።

«ድርሰት መሰለሽ?» ብሎ ሳቀ። ሰጠኝ ግን።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ደቦውን የጠራነው እኔና የክፍሌ ልጆች ነን። ቲቸር ያስተማሩን ታሪክ ነው። ደቦ እንድንጠራ አልነገሩንም። ክፍሉ አሁንም ጣሪያ የለውም።

ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። አንብቦ ቀና አለ።

«ፈተናሽስ?»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ቲቸር ሲሰሙ ተቆጡ። «ማን ጠበቃ አደረገሽ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ ቅዳሜንም ሙሉ አላናገሩኝም። እሁድ ጠዋት የተፈታኞቹ አውቶቡሶች በዋናው መንገድ ሲያልፉ ጥሩምባና ዘፈን ተሰማን። የጓደኞቼ ድምፅ ያለበት መሰለኝ። ያኔ ቲቸር ወደ እኔ ዞሩ።

«ምዕራፍ አንድ» አሉ።

«መጽሐፍ የለንም እኮ።»

«እኔ አለሁ። ቁጭ በይ።»

እያለቀስኩ ተማርኩ። ካቦዋ ሌሎቹን «ዝም በሉ፣ ክፍል ተጀምሯል» አለቻቸው።

እኔ ቀድሜ ተፈታሁ። ቲቸር ቆይተው ወጡ፤ ሥራቸው ግን እስከዚህ ሳምንት አልተመለሰላቸውም ነበር። ፈተናውን ዘንድሮ ወሰድኩ፤ ውጤቱ ገና ነው። ቆጨሽ ወይ የሚሉኝ አሉ። ቆጭቶኛል። አንድ ዓመት ቀላል አይደለም፤ ጓደኞቼ ከዩኒቨርሲቲ ሲደውሉልኝ አንዳንዴ አላነሳም። ግን የራሴን ቃል ሌላ ሰው ሳይጽፍልኝ መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት በዚያች ነጭ ወረቀት ላይ ነው።

ሐሙስ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ የእህቴ ክፍል ታሪክ አለው። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ የቲቸር ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል። ከዚህ ሐሙስ ጀምሮ እኔ ውጭ ቆሜ እሰማለሁ። ትምህርት ያቋረጣችሁ፣ ጭራሽ ያልገባችሁም፣ በዚያ በኩል ካለፋችሁ ኑና አጠገቤ ቁሙ።