ዘንዶ ያለበት ቀለም

ኦስሎ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ የተሰለፈ ሰው ካያችሁ ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ አይምሰላችሁ። ሎፐማርክድ ነው። የተማሪዎቹ የሙዚቃ ጓድ መለከትና ከበሮ መግዣ እንዲሆነው የሰፈሩን አሮጌ ዕቃ ሰብስቦ በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ይሸጣል። እኔ ሁልጊዜ ከሰልፉ ፊት ነኝ። በሩ ሲከፈት ሌላው ሰው ወደ ሶፋውና ወደ በረዶ መንሸራተቻው ሲሄድ፣ እኔ በክርኔ እየገፋሁ ትንንሹ ኮተት ወዳለበት ጠረጴዛ እሮጣለሁ። እዚህ አገር ሰው አይገፋም። እኔ እገፋለሁ።

የምፈልገው የድሮ የቻይና ሊቃውንት ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጧቸው የነበሩ ዕቃዎችን ነው። ከቀርከሃ የተፈለፈለ የብሩሽ ማስቀመጫ፣ ቀለም የሚፈጩበት ድንጋይ፣ በአፏ ውሃ የምታንጠባጥብ ትንሽ የሸክላ እንቁራሪት። ድሮ ከኖርዌይ ብዙ ሚስዮናዊ ወደ ቻይና ይሄድ ነበርና፣ አያት ሲሞት የልጅ ልጅ ምንነቱን የማያውቀውን ዕቃ በካርቶን አድርጎ ለተማሪዎቹ ይሰጣል። ዕቃዎቹ ሁሉ የተሠሩት ረግቶ ለሚቀመጥ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሻይ እንኳን ቁጭ ብዬ አልጠጣም፤ የሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ የሥራ ባልደረቦቼ ወንበሬን ወስደው ለሌላ ሰጥተውታል። ታዲያ ምኑ ሳበሽ የሚለኝ ሰው ሲመጣ እናደዳለሁ፤ መልሱን ስለማላውቀው።

ቢየርቪካ ላይ አዲሱ ኦፔራ ቤት በተከፈተበት ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ከነዚህ ጠረጴዛዎች በአንዱ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ሳጥን አገኘሁ። የምትሸጠው ሴትዮ «ሳሙና ይመስለኛል» አለችኝ። ከፈትኩት። ቀለም ነበር። ቻይኖች ጥላሽትን ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ይለውሱና በቅርጽ ጨምቀው ያደርቁታል፤ ሊጽፉ ሲሉ ድንጋይ ላይ በውሃ ይፈጩታል። ይህኛው አንድም ቀን ተፈጭቶ አያውቅም። በላዩ የተሣለው የወርቅ ዘንዶ ጥፍሩ እንኳን አልተላጠም። እንዲህ ያለውን ቀለም ሰብሳቢ ሰው ውሃ አያስነካውም፤ ክብሩ አለመነካቱ ነው።

አባቴ በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጡ። እናቴ በሕይወት ሳለች ስደውል ወሬውን ሁሉ የምትይዘው እሷ ነበረች። ከሞተች በኋላ እኔና አባቴ ብቻችንን ቀረን። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ሥራስ?» «ደህና ነው።» «ብርዱስ?» «ይቻላል።» ከዚያ እሳቸው ሲተነፍሱ እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ስተነፍስ እሳቸው ይሰማሉ፣ በመጨረሻ «ካርድሽ እንዳያልቅ» ብለው ይዘጋሉ። ቪዛቸው የሦስት ወር ነበር። በነዚህ ወራት አንድ ቁም ነገር ሳንጫወት ከተመለሱ መቼም አንጫወትም ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቱ እንቅልፍ ነሳኝ።

ስለዚህ አዞርኳቸው። ምን ላድርግ፣ የማውቀው መሮጥ ብቻ ነው። ወደቡን አሳየኋቸው፣ ጫካው ውስጥ አስኬድኳቸው፣ ኦፔራ ቤቱ ጣራ ላይ ይዣቸው ወጣሁ። በነጩ እብነ በረድ ላይ በጥንቃቄ እየረገጡ ሽቅብ ወጡና ባሕሩን ትንሽ አዩ። «ጣራ ላይ መውጣት ይፈቀዳል?» አሉ። «ይፈቀዳል» አልኩ። «ጥሩ ነው» አሉና ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። አመሩድ ካለው ፎቅ ቤቴ ስንመለስ መስኮቱ ጋ ይቆሙና ባቡሩ ሲመጣ፣ ባቡሩ ሲሄድ ያያሉ። ከዚያ ወደ መኝታ ክፍል፣ ከመኝታ ክፍል ወደ ኩሽና። አንዳችን ስንቀመጥ ሌላችን እንነሳለን። ጠባቧ ቤት ውስጥ በር ላይ ስንገናኝ «እለፊ» «እርስዎ ይለፉ» እንባባላለን።

አባቴ በወጣትነታቸው ብራና ላይ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። እኔ ግን የማውቃቸው መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ሲሠሩ ነው። ስለ ብራናው አንድም ቀን አጫውተውኝ አያውቁም። ቢሆንም አንድ እሑድ መደርደሪያዬን አሳየኋቸው፤ ቀለሙንም ከሳጥኑ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። አሸተቱት።

«ይሄ ቀለም ነው» አሉ።

«ያ፣ ቀለም ነው።» ኖርዌዮቹ አዎ የሚሉበት «ያ» ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።

«ማን ይጽፍበታል?»

«ማንም አይጽፍበትም፣ አባባ። እንዲሁ ይቀመጣል።»

«እንዲሁ?» አሉና ቀለሙን መለሱልኝ። አላስደሰታቸውም ብዬ ተቀየምኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቱ መሽተት ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ ኋላ እየባሰ ሄደ፤ የሞተ ነገር ይሸታል። የቆሻሻውን ባልዲ አጠብኩ፣ ማቀዝቀዣውን ገለበጥኩ፣ የመታጠቢያውን ቱቦ ፈትቼ አጸዳሁ። አባቴ አፍንጫቸውን ሳይነኩ «እኔስ ምንም አልሸተተኝ» አሉ። ሽታውን ፍለጋ መደርደሪያውን ሳንቀሳቅስ ጥቁሩ ሳጥን ቀለለኝ። ከፈትኩት። ባዶ ነው።

ደሜ ፈላ። አፍንጫዬ እየመራኝ መኝታ ክፍላቸው ገባሁ። ከማሞቂያው ጀርባ፣ በፎጣ ተሸፍኖ፣ የማርማላታ ብርጭቆ አገኘሁ። ውስጡ ጥቁር ነው። የወርቁ ዘንዶ ብናኝ ሆኖ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

«ምን አደረጉት! ምን አደረጉት!» ብዬ ጮህኩ። በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

አባቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ደርቆ አገኘሁት» አሉ ቀስ ብለው። «የደረቀ ቀለም ይሰበርና ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። በየቀኑ ይበጠበጣል። ካልበጠበጡት ይሞታል። ፀሐይ ስለሌለ ነው እዚህ ያደረግሁት። ስሄድ ሕያው ሆኖ እንዲቆይልሽ ብዬ...»

«እሱ የሚነካ ዕቃ አይደለም! ከኛ ዕድሜ በላይ ሳይነካ የኖረ ነው!»

ብዙ ተናገርኩ። ሲበቃኝ አባቴ «የትኬቱን ቀን ማስቀደም ይቻል ይሆን?» አሉ። የምፈራው ነገር ይኸው ደረሰ፤ ያመጣሁትም ራሴ ነኝ።

ጠዋት ስነሳ ለባብሰው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሻንጣቸው ተዘግቷል። ኮቴን ለብሼ ወደ ሥራ ልወጣ ነበር። በዚያ ፈንታ ብርጭቆውን ከማሞቂያው ጀርባ አነሳሁ፣ ከኩሽና የእንጨት ማንኪያ አመጣሁና ፊታቸው ቆምኩ።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚበጠበጠው?» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ማንኪያውን ከእጄ ወሰዱ። «እንደሱ ቆመሽ አይሆንም። ተቀመጪ» አሉ።

ተቀመጥኩ። እየበጠበጡ ያወሩ ጀመር። ጥላሽቱን ከድስት ቂጥ እንዴት እንደሚፍቁት፣ ገብሱን እንዴት አሳርረው እንደሚወቅጡት፣ ሽታው ሲከፋ ቀለሙ ማማሩ እንደሆነ ነገሩኝ። የእሳቸው ቀለም በሸክላ ማሰሮ ብዙ ወራት ተቀምጦ ለመጻፍ ሲደርስ እኔ ተወለድኩ። ደሞዝ አስፈለገ። የመዝገብ ቤቱ ሥራ ተገኘ። ማሰሮውን ቁም ጽሕፈት አብሯቸው ለሚማር ጓደኛ ሰጥተው «ስመለስ እወስደዋለሁ፣ አደራ በጥብጥልኝ» አሉት።

«ከዚያስ?»

«አልተመለስኩም። ማን እንደበጠበጠው ጠይቄም አላውቅ።» ማንኪያውን አወጡና በብርጭቆው አፍ ላይ አንጠባጠቡት። «ያንቺን ሳየው፣ እንዲሁ ይቀመጣል ስትዪኝ፣ ከነከነኝ።»

ሥራ አርፍጄ ገባሁ፤ ለአለቃዬም ምክንያቱን አልተናገርኩም።

አባቴ ሻንጣውን ከፈቱት፤ የሄዱት በቀናቸው ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛቸው ስለ ጤና አልመከሩኝም፣ ስለ ትዳርም አልጠየቁኝም። «አደራ» ብቻ አሉኝ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

አሁን ስደውል «ደህና ነሽ?» አይሉም። «በጠበጥሽው?» ይላሉ።

«በጥብጬዋለሁ።»

«ይሸታል?»

«ጎረቤቶቼ ሊከሱኝ ነው።»

«ጥሩ ነው!» ይላሉ ደስ ብሏቸው፤ ከዚያ ወሬው በራሱ ይሄዳል። እኔ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ ብርጭቆውን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ማንኪያውን አዞራለሁ። በዚህ ቤት ውስጥ የምቀመጠው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቀለሙ ለመጻፊያ ይሁን አይሁን አላውቅም። ባዶው ሳጥን መደርደሪያው ላይ አለ፤ ቅዳሜም ሲመጣ እሰለፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሳቅ ሳቅ እያላቸው «እናትሽ እኮ መጀመሪያ ቀን ቀለሜ የሸተታት ጊዜ...» ብለው ሲጀምሩ ካርዱ አለቀ። ካልሲዬን ሳላደርግ ጫማዬ ውስጥ ገባሁና በሩጫ ወረድኩ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለችው ካርድ የምትሸጥ ሱቅ ሦስት ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ሦስቱንም ገፍቼ አለፍኩ።